ጅማ ላይ የመጀመሪያ የጓሮ ግሪን ሃውስ፦ የት ይሁን? እንዴት ይቁም?

ቆጪ_ጓሮ
ሰላም ለሁላችሁ። ቦታው ጅማ ውስጥ ቆጪ ነው። ከቤቱ ጀርባ 12 በ10 ሜትር ባዶ መሬት አለ፤ ወደ ምዕራብ ያዘቀዝቃል፣ በ10 ሜትር ውስጥ 60 ሳንቲም ያህል ይወርዳል። በስተምሥራቅ 8 ሜትር የሚሆን አቮካዶ፣ በስተደቡብ አጥር ጥግ የጎረቤት ባህር ዛፍ አለ። አፈሩ ቀይ ነው፣ ታችኛው የምዕራብ ጥግ ግን ይጠቁራል፣ ክረምት ላይም ውሃ ይይዛል። የሚፈለገው በክረምት የሚደርስ ቲማቲም ነው። የግሪን ሃውሱን ስፋት 4 በ8 ሜትር አስቤያለሁ። የቱ ጋ ላቁመው? ወደየት ይዙር? ባህር ዛፍ ይበቃል ወይስ ብረት ይሻላል? ላስቲኩስ ምን ዓይነት ይሁን?

ጋሼ ችግኝ
እህቴ፣ ከቦታው በፊት የምንሠራው ለምን እንደሆነ እንያዝ። ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ዝናቧ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ውርጭ እምብዛም አያሰጋንም። እዚህ ግሪን ሃውሱ የሚሠራው ዝናቡ ቅጠል ላይ እንዳያርፍ እንጂ ለሙቀት ብለን አይደለም። ክረምት ላይ ሜዳ ያለ ቲማቲም በሳምንት ውስጥ ጠቁሮ የሚያልቀው ምች በሚባለው የቅጠል በሽታ ነው፤ ምች ደግሞ ቅጠል ሌሊቱን እርጥብ ሆኖ ሲያድር፣ አየሩም ቀዝቀዝ ሲል ይነሳል። ስለዚህ ቦታ ስትመርጪ ሦስት ነገር እይ፦ የጠዋት ፀሐይ፣ የውሃ መውረጃ፣ የአየር መተላለፊያ።

የጠዋት ፀሐይ ላይ አቮካዶው ይጣላሻል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የ8 ሜትር ዛፍ ጥላ ከ10 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ 4 ሰዓት ላይ ወደ 6 ሜትር ተኩል ያጥራል። አቮካዶውን አትቁረጪው። የታችኞቹን ቅርንጫፎች እስከ 2 ሜትር ተኩል አንሺ፣ መሐሉን አሳሺው፣ ቤቱንም ከግንዱ ቢያንስ 7 ሜትር አርቂው። ጠዋት 3 እና 4፣ ቀን 6 እና ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ የጥላውን ጫፍ በችካል ምልክት አድርጊ። አራቱም ችካሎች ከቤቱ ክልል ውጭ እንዲሆኑ አትጠብቂ፣ የ3 ሰዓቱ ይገባብሻል፤ የ4 ሰዓቱ ግን መግባት የለበትም። ክረምት ላይ ከሰዓት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ደመና ስለሆነ ቅጠል የሚያደርቅልሽ የጠዋቱ ፀሐይ ነው።

የደቡቡ ባህር ዛፍ ጥላው ክረምት ላይ አይነካሽም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ከጅማ በስተሰሜን ናት፤ የዛፉ ጥላ ወደ ጎረቤት ይወድቃል። በታህሳስ ግን የ15 ሜትር ዛፍ እኩለ ቀን ላይ 9 ሜትር ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ጥላውስ ይሁን፣ ሥሩ ነው ሌባው። በእሱ በኩል 80 ሳንቲም ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሪና ያገኘሽውን ሥር ቁረጪ፣ ቦዩን በወፍራም ላስቲክ ለብጠሽ መልሰሽ ሙዪው።

አቅጣጫው፣ የጣሪያው አናት ከሰሜን ወደ ደቡብ ይዘርጋ። በእኛ አገር ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምታልፍ በዚህ አቀማመጥ የመደቦቹ ጥላ በቀን ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል፣ ሁሉም ብርሃን ያገኛል። መሬትሽ ወደ ምዕራብ ስለሚያዘቀዝቅ የ8 ሜትሩ ርዝመት ተዳፋቱን ሳይወርድ አግድም ይተኛል፤ የምትደለድይው በ4 ሜትር ውስጥ ያለውን 24 ሳንቲም ብቻ ነው።

ቀይ_አፈር
ጋሼ ባሉት ላይ ስለ ታችኛው ጥግ ልጨምር። ጠቁሮ ውሃ የሚይዝ አፈር ላይ ቤቱን አትጠጊ፣ ቢያንስ 2 ሜትር ወደ ላይ ሽሺ። ለማረጋገጥ 50 ሳንቲም ጉድጓድ ቆፍረሽ በውሃ ሙዪ፣ ሲሰርግ ደግመሽ ሙዪ። በማግስቱ ውሃ ከቀረበት ቲማቲም እዚያ አይሆንም፤ ሥሩ አየር ያጣና በእርጥብ መሬት ላይ ይጠወልጋል። ሰው ደግሞ ጠማው ብሎ ውሃ ይጨምርበታል።

በላይኛው የምሥራቅ ጎን፣ ከቋሚው 50 ሳንቲም ርቆ፣ 40 በ40 ሳንቲም ቦይ ቆፍሪ። ከግቢው የሚወርደው ጎርፍ ወደ ቤቱ ሳይገባ በዚያ ዞሮ ይውጣ። ቁልቁለቱ በ10 ሜትር 10 ሳንቲም ይሁን፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀይ አፈሩ እየተሸረሸረ ቦዩ ገደል ይሆናል።

አፈሩን በተመለከተ፣ የጅማ ቀይ አፈር በአብዛኛው ኮምጣጣ ነው። ኮምጣጣ አፈር ፎስፈረስን ይዞ አይለቅም፣ ካልሲየሙም ያንሳል። የግብርና ኖራ በካሬ 250 ግራም አካባቢ በትኚና ከላይኛው 20 ሳንቲም ጋር አዋህጂው። የአፈር ምርመራ ካስደረግሽ መጠኑን በውጤቱ አስተካክዪው። ኖራው ከተከላ በፊት ቢያንስ አንድ ወር ይቅደም። ከትኩስ ፍግ ጋር በአንድ ቀን አታደባልቂው፣ የፍጉን ናይትሮጅን ሽታ አድርጎ ያበንነዋል። የበሰለ ብስባሽ በካሬ 5 ኪሎ ይበቃል። የቡና ገለባ እዚህ በሽበሽ ነው፤ ነገር ግን ጥሬውን አፈር ውስጥ አትቅበሪ፣ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ከችግኝሽ ይሻማል። ከፍግና ከእርጥብ ቅጠል ጋር ከምረሽ፣ እያገላበጥሽ ሦስት አራት ወር አብስዪው።

ቱንቢ_እና_ውሃልክ
ስለ አናጢው ሥራ። ለ4 በ8 ባህር ዛፍ ይበቃል፤ ብረት የግድ አይደለም። የሚያስፈልገው እነሆ፦

የጎን ቋሚ 10 ፍሬ፣ ውፍረታቸው 10–12 ሳንቲም፣ ርዝመታቸው 2.80 ሜትር። በአንድ ጎን አምስት፣ በየ2 ሜትሩ። 70 ሳንቲም ይቀበራል፣ 2.10 ይቀራል።

የመሐል ምሰሶ 3 ፍሬ፣ 4.25 ሜትር፤ ሁለት ጫፍ ላይ አንድ መሐል። 70 ሳንቲም ይቀበራል።

አግዳሚ፦ ባለ 4 ሜትር አጣና 8 ፍሬ። አራቱ በጎን ቋሚዎች አናት ላይ፣ አራቱ በመሐል ምሰሶው ላይ።

ወራጅ (ከመሐል አግዳሚው ወደ ጎን የሚወርደው የጣሪያ እንጨት)፦ 6–7 ሳንቲም ውፍረት፣ በየ1 ሜትሩ፣ በአንድ ጎን 9። የምሥራቁ 2.60፣ የምዕራቡ 3.30 ሜትር።

የምሥራቁና የምዕራቡ ርዝመት የተለያየው ለምን መሰለሽ? የመሐል ምሰሶው ላይ ሁለት አግዳሚ አለ፤ አንዱ 3.25 ሜትር ላይ፣ ሌላው 30 ሳንቲም ከፍ ብሎ 3.55 ላይ። የምሥራቁ ጣሪያ የታችኛው ላይ ያርፋል፤ የምዕራቡ የላይኛው ላይ አርፎ በ40 ሳንቲም ምሥራቁን አልፎ ይጋርደዋል። በመሐላቸው የሚቀረው ክፍተት የሞቀው አየር መውጫ ነው፣ በመረብ ይሸፈናል። ይህ ክፍተት ከሌለ ሰማይ ሲጠራ እኩለ ቀን ላይ ውስጡ 40 ዲግሪ ያልፋል፤ ቲማቲም ደግሞ ከ32–35 ዲግሪ በላይ አበባው ዱቄቱ ይበላሽና ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል። አንድ ነገር ግን ከመቁረጥሽ በፊት አረጋግጪ፦ ከዝናቡ ቀድሞ የሚመጣው ወጀብ ግቢሽ ውስጥ ከየት ይገባል? ከምሥራቅ ከሆነ ሁሉንም ገልብጪው፣ ክፍተቱ ወደ ምዕራብ ይዙር። አፉ ወደ ወጀቡ ከዞረ ዝናቡ መሐል መደብ ላይ ይወርዳል፣ ነፋሱም ጣሪያውን ከውስጥ ያነሳዋል።

ቁልቁለቱን ዝቅ አታድርጊው። የምሥራቁ 30 ዲግሪ ገደማ ነው፣ የምዕራቡ ከዚያ ይበልጣል። ሌሊት ላስቲኩ ከውስጥ ያልበዋል፤ ጣሪያው ቀጥ ካለ ላቡ በላስቲኩ ተንሸራቶ ጎን ላይ ይወርዳል፣ ከተኛ ግን ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል። የዝናብ መከላከያ ብለሽ የሠራሽው ቤት ራሱ ዘነበ ማለት ነው።

ምስጥ! የቋሚውን የታችኛ 80 ሳንቲም ላጪና ላዩ ከሰል እስኪሆን በእሳት ለብልቢው፣ ከዚያ የተቃጠለ ዘይት ሁለት ጊዜ ቀቢው። ከጉድጓዱ ሥር 10 ሳንቲም ጠጠር ይግባ፣ በዙሪያው ድንጋይ ይጠቅጠቅ። ዘይቱ ላስቲክ የሚነካበት ቦታ ግን እንዳይደርስ፤ ላስቲክ ይበላል። ላስቲኩ የሚያርፍባቸውን ወራጆችና አግዳሚዎች ነጭ ቀለም ቀቢ፤ ጥቁር እንጨት በፀሐይ ግሎ ላስቲኩን በዚያ መስመር ይቆርጠዋል።

አራቱንም ማዕዘን በሰያፍ እንጨት አስሪ። ብዙ ሰው ይህን ይዘልለዋል፣ ቤቱ በሁለተኛው ዓመት እንደ ሰከረ ሰው የሚያጋድለውም በዚህ ነው።

ሄርማታ_07
ቱንቢ፣ በአንድ ነገር አልስማማም። የጎን ቋሚዎች እንኳ ከቱቦላሬ ቢሆኑ ይሻላል። ባህር ዛፍ በዚህ እርጥበት ስንት ዓመት ሊቆም ነው? ላስቲኩ ሲቀየር እንጨቱም ከተቀየረ ወጪው ሁለት ነው።

ቱንቢ_እና_ውሃልክ
ወንድሜ፣ ለዘለቄታው ልክ ነህ። ግን የመጀመሪያ ቤት ነው፤ ቦታው እንደማይሆን ከታወቀ ባህር ዛፉ ይነቀላል፣ የተበየደ ብረት ግን እዚያው ይቀራል። መሐል መንገድ አለ፦ ከፌሮና ከአርማታ 30 በ30 በ60 ሳንቲም መሠረት አፍስሰህ ሁለት ጠፍጣፋ ብረት ታወጣለህ፣ ባህር ዛፉን ከመሬት 5 ሳንቲም አንስተህ በቡሎን ታስረዋለህ። ምስጥም ውሃም አያገኘውም። ያኔ ግን ቋሚው ከመሬት ስላልተያዘ የማዕዘኑ ሰያፍ በአራቱም ጎን በእጥፍ መሆን አለበት።

ቆጪ_ጓሮ
እግዜር ይስጥልኝ። ላስቲክ ላይ ለግንባታ የሚሸጠው ግልጹ ላስቲክ በጣም ይረክሳል። አንድ ክረምት ብቻ ቢይዝልኝስ?

ጋሼ ችግኝ
አይሆንም እህቴ። የፀሐይ መከላከያ የሌለው ላስቲክ በእኛ ፀሐይ በወራት ውስጥ ይነጣል፣ ይደርቃል፣ በእጅ ሲነኩት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሰነጠቃል። የሚሰነጠቀውም ቲማቲሙ ፍሬ በያዘበት፣ ዝናቡ በበረታበት ሰሞን ነው። ባለ 200 ማይክሮን፣ ዩቪ የተባለውን ግዢ። በአግባቡ ከተወጠረ ሦስት ዓመት አካባቢ ያገለግላል። ሁለት ቁራጭ ነው የሚያስፈልግሽ፦ 9 በ3 ሜትር ለምሥራቁ፣ 9 በ3.70 ለምዕራቡ። 9 ሜትር ያልኩት በሁለቱ ጫፍ 50፣ 50 ሳንቲም ለመጠቅለያ ነው። ድኝ ያለበት ፀረ ተባይ ውስጥ አትርጪ፤ የላስቲኩን መከላከያ ያጠፋዋል።

አወጣጠሩ፦ ነፋስ በሌለበት፣ ጠዋት 3 እና 4 ሰዓት መሐል ይሁን። በብርድ ከወጠርሽው ቀትር ላይ ይላላል፣ ከዚያ ነፋስ እንደ ከበሮ ሲመታው ያድራል። በቀትር ግለት ከወጠርሽው ደግሞ ሌሊት ይኮማተርና ምስማሩ ላይ ይቀደዳል። ጠርዙን በጠፍጣፋ እንጨት ሁለት ዙር ጠቅልለሽ ከአግዳሚው ጋር ምቺው። ባዶ ምስማር ላስቲክ ላይ አይመታም፤ ከአሮጌ ካላማዳሪ 3 ሳንቲም ስፋት ያለው ሪባን ቁረጪና በእንጨቱና በላስቲኩ መሐል አስገቢ፣ ምስማሩ በእሱ በኩል ይለፍ። ጎማው ሲጨመቅ ቀዳዳውን ይዘጋል፣ ላስቲኩም ከምስማሩ አይተረተርም።

ጅሬን_ነፋስ
ስለ ጎን መረብ ማንም አላነሳም። ቱታ አብሶሉታ የምትባለው የቲማቲም የእሳት እራት እ.ኤ.አ. በ2012 አገር ውስጥ ከገባች ወዲህ ያለ መረብ ቲማቲም ማሰብ ከንቱ ነው። ነጭ ዝንብም አለ። ባለ 50 መረብ (በአንድ ኢንች 50 ቀዳዳ ያለው)፣ ዙሪያውን።

ጋሼ ችግኝ
መረብ ይኑር፣ ባለ 50ው ግን ለጅማ አይበጅም። ነጭ ዝንብ ይከለክላል፣ እውነት ነው፤ አየሩንም አብሮ ይከለክላል። ለደረቅ ቆላ የሚበጀው እዚህ ምች ይጠራል። የቱታዋ የእሳት እራት 6–7 ሚሊ ሜትር ርዝመት አላት፤ ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ያነሰ ቀዳዳ ይበቃታል። ሱቅ ውስጥ ስትገዢ ማስመሪያ አስቀምጪበትና በ1 ሳንቲም ውስጥ ያሉትን ቀዳዳዎች ቁጠሪ፤ 10 ወይም 11 ከሆነ ውሰጂው። የጎኑ አሠራር፦ ከመሬት በላይ 60 ሳንቲም ላስቲክ፣ ሌላ 20 ሳንቲም መሬት ውስጥ ተቀብሮ፤ ከዚያ በላይ እስከ አግዳሚው 1.50 ሜትር መረብ። ከመረቡ ውጭ የሚጠቀለል የላስቲክ መጋረጃ ስቀይ፣ የሚወርደው ወጀብ ሲመጣ ብቻ ነው። ሌሊት ዘግተሽ አትደሪ።

በሩ 1 ሜትር በ2 ይሁን፣ ጋሪ እንዲገባ። ቱታ በአብዛኛው ከሰው ጋር በበር ነው የምትገባው፤ አቅም ካለሽ ከበሩ ፊት 1 ሜትር በ1 ሜትር መግቢያ ሠርተሽ ሁለት በር አድርጊ፣ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈት።

ቀይ_አፈር
መደቡን እንከፋፍለው። 4 ሜትር ውስጥ 90 ሳንቲም ስፋት ያላቸው ሦስት መደቦች፣ በመሐላቸው 50 ሳንቲም መተላለፊያ፣ በሁለቱ ጎን 15 ሳንቲም ይቀራል። የመደቡ ርዝመት 7 ሜትር፣ ከፍታው 25 ሳንቲም። ይህ 19 ካሬ ገደማ መደብ ነው፤ ኖራው ወደ 5 ኪሎ፣ ብስባሹ 95 ኪሎ ይሆናል። በአንድ መደብ ሁለት ረድፍ፣ በየ50 ሳንቲሙ አንድ ችግኝ፣ በረድፍ 14፤ በድምሩ 84 ችግኝ። ከዚህ በላይ ማጨናነቅ ቅጠሉን እርጥብ ያሳድረዋል።

ዝርያ ስትመርጪ ቁመቱ መጨመር የማያቆመውን ፈልጊ። ሮማ ቪኤፍም ሆነ መልካሳልሳ ለሜዳ ጥሩ ናቸው፣ ግን ቁጥቋጦ ሆነው ይቆማሉ፣ የቤቱን ከፍታ አይጠቀሙበትም። እያንዳንዱን በአንድ ግንድ አሳድጊ፣ የጎን ቡቃያውን ጣት ሳያህል በጠዋት ቀንጥቢ፣ በሲባጎ ወደ ላይ ጠምዝዢ። ሲባጎውን ወራጅ ላይ አትሰሪ! አንድ ግንድ ፍሬ ሲይዝ 4 ኪሎ ቢሆን 84ቱ 336 ኪሎ ነው፤ ወራጁ ጎንበስ ሲል ላስቲኩ ረግቦ ውሃ ያቁራል። ለየመደቡ ጫፍና ጫፍ የራሱን ቋሚ ትከዪ፣ መሐልም አንድ፣ በላያቸው ወፍራም ሽቦ ወጥሪ።

መረብ ውስጥ ንብም ነፋስም ስለማይበቃ አበባ ሲጀምር ጠዋት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሽቦውን በዱላ መታ መታ አድርጊ፣ በየሁለት ቀኑ።

ቆጪ_ጓሮ
ውሃውስ? ቧንቧው በየቀኑ አይመጣም። ጣሪያው ላይ የሚዘንበውን ልጠቀም?

ሄርማታ_07
በደንብ እንጂ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው። ጣሪያሽ ከነ ክንፉ 40 ካሬ ያህል ይሸፍናል፣ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 800 ሊትር ይወርዳል፤ የሚፈሰው ተቀንሶ 700 በይው። በሁለቱም ጎን አሸንዳ አድርጊ፣ ወደ ሮቶው በ10 ሜትር 5 ሳንቲም ያዘንብል። ቲማቲም ፍሬ ሲይዝ በፀሐይ ቀን በአንድ ግንድ 1.5 ሊትር ያህል ይጠጣል፤ 84 ግንድ 126 ሊትር ነው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ያለ ዝናብ 16 ቀን ገደማ ያቆይሻል። ለክረምት ይበቃል፣ ለበጋ አይበቃም።

ሌላም አለ። 50 ሚሊ ሜትር የጣለ ዕለት 2,000 ሊትር በአንዴ ይመጣል። የሮቶው ትርፍ መውጫ በቱቦ ወደ ቦዩ ካልሄደ ያው ውሃ መሠረትሽ ሥር ነው የሚገባው። ሮቶውን ድንጋይ ላይ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው፣ ለጠብታ መስኖው ግፊት ይሆነዋል፤ መውጫው ላይ ማጣሪያ አድርጊ፣ አለዚያ የጠብታው ቀዳዳ በደለል ይደፈናል።

ቀይ_አፈር
ውሃው በየቀኑ እኩል ይሁን። አንድ ቀን አድርቀሽ በማግስቱ ካጥለቀለቅሽ የፍሬው ቂጥ ጠቁሮ ይሰረጉዳል፤ በሽታ አይደለም፣ ካልሲየም በጊዜው ፍሬው ጋ ስላልደረሰ ነው። መድኃኒት አትግዢለት።

እውነተኛው ጠላት ሌላ ነው፦ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት የሚያጠወልገው ባክቴሪያ። ግንዱን ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለሽ ቁረጪና ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጫፉን ብቻ አንጠልጥዪ፣ ሳትነቀንቂው ጠብቂ። በደቂቃዎች ውስጥ ከተቆረጠው ቦታ ወተት የመሰለ ቀጭን ክር ወደ ታች ከወረደ እሱ ነው። ግንዱን ከነሥሩና ከነአፈሩ በፌስታል አውጪ፣ አቃጥዪ፤ መደቡ ላይ ለዓመታት ቲማቲም፣ ድንች፣ ቃሪያና ደበርጃን አይመለስ። ዝንጅብል ወይም ድንች ከጠወለገበት ማሳ አፈርም ብስባሽም አታምጪ።

ቆጪ_ጓሮ
የመጨረሻ ጥያቄ። ሥራው መቼ ይጀመር?

ጋሼ ችግኝ
ቋሚው በየካቲት ይተከል፣ መሬቱ ሳይረጥብ። ኖራው በመጋቢት፣ ላስቲኩ በሚያዝያ። ዘሩ በግንቦት መጀመሪያ ይፈላ፣ ከአራት አምስት ሳምንት በኋላ ሰኔ ላይ ይዛወራል። ነሐሴ መጨረሻ ወይም መስከረም የመጀመሪያው ፍሬ ይቀላል፤ ሜዳው ላይ ቲማቲም በጠፋበት ወር ማለት ነው።

ላስቲኩ ከተወጠረ በኋላ ችግኝ ሳታስገቢ አንድ ከባድ ዝናብ ጠብቂ። እየዘነበ ሳለ ውስጥ ግቢና ቁሚ። የሚያንጠባጥብበትን፣ ላስቲኩ ሆዱን የነፋበትን፣ ከቋሚ ሥር ውሃ የሚሰርግበትን ሁሉ በከሰል ምልክት አድርጊ። በማግስቱ እሱን አስተካክዪ፣ ችግኙ ከዚያ በኋላ ይግባ።